ኢፖክሲን በእሳት ማስለቀቅ ይቅር!

ከአሮጌ ራዲዮና ከተበላሸ ቻርጀር ዕቃ እየፈታን የትምህርት መርጃ መሥራታችን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጥቅል ሽቦውን ወይም ካፓሲተሩን ከቦርዱ ጋር ያጣበቀው ኢፖክሲ ሲያስቸግር፣ «ከሰል ላይ ጣል አድርጉት፣ ይለቃል» የሚል ምክር በመካከላችን ይሰማል። ይህን ምክር አንቀበልም።

ለምን ቢባል፣ ኢፖክሲ እንደ ሰም አይቀልጥም። ሙጫውና ማጠንከሪያው ተዋህደው አንዴ ከደረቁ ወደ ፈሳሽነት አይመለሱም። እሳት ሲነካው ይከስላል፤ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። ደግሞስ ዕቃው ራሱ ከተቃጠለ ምን ልናተርፍ ነው?

«እንግዲያስ በኬሚካል ይሁና!» የሚሉም አሉ። አሴቶን ያልደረቀውን እንጂ የደረቀውን እምብዛም አይነካም። ዳይክሎሮሜቴን ያለበት ቀለም ማስለቀቂያ ይሠራል፤ ዳሩ ግን ትነቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ያንኑ የከሰል መርዝ ይፈጥራል። አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ማስለቀቂያ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ የከለከለችው ሰው ስለገደለ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ትዕግሥት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በመጀመሪያ መሣሪያው ከመብራት ይነቀል፤ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውንም ኃይል መምህሩ ባሉበት እናስወጣ። ከዚያም መስኮት ከፍተን፣ ጓንትና መነጽር አድርገን፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እናድርገው። ብዙው ተራ ኢፖክሲ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይርቅ ይለሰልሳል፤ ሊድ የምንለው የቆርቆሮና የእርሳስ መበየጃ ግን እስከ 183 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። ሥራችን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ካፓሲተር ከሆነ ግን ገላው ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ተጽፎ ስለሚገኝ እያሳረፉ ማሞቅ ያሻል። የለሰለሰውን በእንጨት ስንጥር ጥቂት በጥቂት እንፋቅ። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን አቧራውን ያስምገናል። የትራንዚስተርና የአይሲ ጥቁር አካል አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ኢፖክሲ ስለሆነ አይነካ። አልለቅም ካለም ይተው! ከአንድ ካፓሲተር አንድ ዓይን ይበልጣል።

ጓደኞቻችን! ተማሪ ከአፋችን ይልቅ እጃችንን ያያል። እኛ ክፍል ውስጥ ከሰል ላይ ብንጥል፣ ልጆቹም ቤታቸው ሄደው ይጥላሉ። ስለዚህ መምህራኖቻችን ጓንትና መነጽር በሥራ ክፍሉ እንዲሟላልን ያድርጉ፤ እኛም ሳናደርግ ሥራ አንጀምር እንላለን።