ጾም ነው ወይስ ራስን መጣል?

ሰሞኑን ከአምቡሊ የሰማነው ነገር እንቅልፍ ነስቶናል። ከአሊ አዴ ካምፕ ለሕክምና ወደ ጅቡቲ ከተማ መጥተው እዚያው አምቡሊ የቀሩ አንድ አባት፣ ጎረቤት ምግብ ባመጣላቸው ቁጥር «ጾም ላይ ነኝ ልጄ» እያሉ ይመልሱ ነበር። ሰውም ጽናታቸውን እያደነቀ ሳህኑን ይዞ ይመለሳል። ማታ የመጣውን የጾም ሽሮ ሳይቀር መመለሳቸውን ግን ማንም ልብ አላለም። በኋላ ሲታይ የደም ግፊት ክኒናቸው እንደታሸገ ነው፤ ገላቸውን ከታጠቡ ሰንብተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለምም ትተዋል።

ይሄ ጾም አይደለም። ጾመኛ ጸሎቱን ይዞ ነው የሚጾመው፤ እሳቸው ግን ከምግቡም ከጸሎቱም ርቀዋል። ደግሞስ የትኛው ሃይማኖት ነው ይህን የጠየቃቸው? በኦርቶዶክስ ለታመመና ለደከመ ሰው የንስሐ አባቱ ጾሙን ያቀልለታል። በእስልምናም መጾም ያቃተው አዛውንት በየቀኑ ድሃ እያበላ እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ አገር፣ እርጅና የውሃ ጥምን ስሜት ራሱን ስለሚያደክም፣ «አልጠማኝም» የሚል አዛውንት አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2009 በቺካጎ አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናትም ራሳቸውን የጣሉ ሰዎች በተለይ በመጀመሪያው ዓመት የመሞት አደጋቸው እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ምን ነካቸው? እኛ እንደሚመስለን ሥራቸውን ነው የተቀሙት። በአገር ቤት ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመርቃል፣ ሙሽራ ይድራል። በስደት ግን የራሽን ካርድ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ የጠፋበትማ የባሰ ነው። (ይህ ገጽም ስለ ወጣቶች ኳስ የጻፈውን ያህል ስለ አረጋውያን አልጻፈም፤ ጥፋቱ የእኛም ነው።)

ስለዚህ ሳህን አስቀምጦ መሄድ አይበቃም። አብሮ መጉረስ፣ ክኒኑን መቁጠር፣ ቄሱን ወይም ሼሁን ጠርቶ «ብላ፣ ተፈቅዶልሃል» ማስባል ያስፈልጋል። ቡና ሲፈላም ጠርቶ ማስመረቅ ነው።

የአምቡሊው አባት አሁን ይበላሉ፤ ካህኑ ቤታቸው ድረስ ሄደው ነግረዋቸዋል። ባለፈው እሑድም ጎረቤት ቡና ጠርቷቸው መርቀዋል። ክኒኑን ግን እስካሁን የምትቆጥርላቸው የጎረቤት ልጅ ናት።