ቴምብሮቻችንን ከክረምት እናድን

ቴምብር ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈራው ሌባን ነው። እኔም አባቴ የሰጡኝን ቴምብሮች ልደታ ባለው የጭቃ ቤታችን በሣጥን ቆልፌ ከአልጋ ሥር አኖርኋቸው። ክረምቱ ሲወጣ ብከፍተው የጀርባቸው ሙጫ እርጥበት ስቦ እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ለካ ቁልፍ ከእርጥበት አያድንም!

የዳግማዊ ምኒልክን መልክና አንበሳውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን እስከ ዛሬ የሚታዩት ደኅና ጠባቂ ስላገኙ ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ቴምብር በሙጫ አትለጥፉ፤ በጣት ከመንካት በወረንጦ ያዙ፤ አልበሙን ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት፤ በበጋ ገልጣችሁ አናፍሱት፤ ከፀሐይ ግን ሰውሩት። ታናናሾቻችንም ከነቀለሙ ይውረሱት።