ፎርማቱ ከላይ ነው የመጣው

ወረዳ ሪፖርት ባዘገየ ቁጥር ምክንያቱ «የባለሙያ አቅም ማነስ» ይባላል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ የጥቂት ቀናት የኤክሴል ሥልጠና። ሠልጣኙ የአቋራጭ ቁልፎችን ሸምድዶ፣ ሴል ማዋሃድና ቀለም መቀባት ተምሮ ይመለሳል። ሪፖርቱ ግን አዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ ሰመራ እንደገና ይዘገያል። ጥፋቱን ባለሙያው ላይ የሚጥለውን ይህን አስተሳሰብ አልቀበለውም። ጊዜውን የሚበላው ከላይ የሚወርደው ቅጽ ነው።

ቅጹን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አናቱ ላይ ሦስት ረድፍ ተዋህዶ የመሥሪያ ቤቱ ስም በደማቁ ተጽፏል። የቀበሌው ስም ለሃያ አባወራ አንዴ ብቻ፣ በተዋሃደ ሴል ውስጥ ቆሟል። በየቀበሌው መጨረሻ «ድምር» የሚል ረድፍ ገብቷል። ሲታተም ያምራል። በቀበሌ ለይታችሁ ፊልተር ስታደርጉ ግን ከሃያው የሚወጣላችሁ የመጀመሪያው አባወራ ብቻ ነው። ዓምዱን ስትደምሩ በመሀል የገቡት ድምሮች ዳግመኛ ይቆጠራሉ። በዚህ የተነሳ የሰመራው ባለሙያ በቴሌግራም የመጡለትን ፋይሎች ከፍቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ መብራት እስኪጠፋበት እንደ አዲስ ይተይባል። ለምን ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ፎርማቱ ከላይ ነው የመጣው።»

የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርን ለምሳሌ ውሰዱ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ከአንድ ቁጥር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። አሥራ ስድስተኛውን ምንም ሳያስጠነቅቅ ዜሮ ያደርገዋል። የስልኩ 09 ላይ ያለችው ዜሮም እንዲሁ ትጠፋለች። መከላከያው ዓምዱን ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት «ቴክስት» ማድረግ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ከገባ በኋላ ግን የጠፋውን አሃዝ የሚመልስ ጥበብ የለም። ስለዚህ ይህ ሥራ የግድ የቅጹ አዘጋጅ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የቀን አጻጻፍ በተመረጠበት ኮምፒውተር ጳጉሜ 5ን 5/13/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል ሜይ 13 ብሎ ይቀበላችኋል፤ ጥቅምት 13ን 13/2/2017 ብትሉት ደግሞ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ ቢለያዩ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ነገሩ ለምን ያንገበግበኛል? በታኅሣሥ 2017 በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። አዋሽ ወንዝም በክረምት አሚባራን፣ ዱብቲንና አሳይታን ያጥለቀልቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስም ዝርዝር ማለት እህልና ድንኳን ማለት ነው። የፋይሉ አሠራር ሰው ከዝርዝር ሲያስቀር ደግሞ በሌላ አገርም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ በኮሮና የተያዙ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከሪፖርት ወጥተው የቀሩት፣ ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይችል አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት በመመረጡ ነው። ጥፋቱ የመዝጋቢዎቹ አልነበረም።

ጊዜ የሚቆጥቡት መንገዶች ብዙም የማይነገርላቸው ናቸው። ኮንትሮል ቲ ዝርዝሩን «ቴብል» ያደርገዋል፤ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ፎርሙላው አብሮ ይወርዳል። ዴታ ቫሊዴሽን የቦታ ስሞችን ከተዘጋጀ ዝርዝር ያስመርጣል፤ ያለዚያ «ሎጊያ» እና «ሎግያ»፣ «ሰመራ» እና «ሠመራ» ለኮምፒውተሩ አራት ከተሞች ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ከ2016ቱ ኤክሴል ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ፓወር ኩዌሪ ነው። የወረዳዎቹን ፋይሎች በአንድ ፎልደር ታስቀምጣላችሁ፣ እርሱ ወደ አንድ ሰንጠረዥ ያመጣቸዋል፤ በሚቀጥለው ወር «ሪፍሬሽ» መጫን ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ግን የሁሉም ወረዳ ርዕሶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ አንድ አባወራም አንድ ሙሉ ረድፍ ሲኖረው ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ አሁንም ቅጹን ያወረደው ክፍል ነው።

«ኦዲተር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይፈልጋል» ይሉኛል። እውነት ነው። ለህትመት ሌላ ሺት ይከፈት፤ ከንጹሑ ዝርዝር እየቀዳ ያምር። መረጃው ራሱ ግን ለማተሚያ ውበት ተብሎ አይሰባበር።

ቅጽ የሚያወርድ ክፍል መጀመሪያ ራሱ በሠላሳ የሙከራ አባወራዎች ይሙላው፤ በቀበሌ ይለየው፣ ይደምረው፣ ከሌላ ወረዳ ፋይል ጋር ያዋህደው። ይህን ሳያደርግ ለአዋሽ ፈንታሌ ባለሙያ የሪፖርት ማስረከቢያ ቀን ሊቆርጥለት አይገባም።