ብረትም ይደክማል

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እኔ የምማረው ደግሞ ብረት ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚሰበር ነው። የሜካኒካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዘመዶቼ «ማሽን መሥራት ነው አይደል የምትማሪው?» ይሉኛል። ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜያችንን የሚወስደው «ይህ ማሽን እስከ መቼ ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ብዙ ሰው ብረት የሚሰበረው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ብቻ ይመስለዋል። ቀጭን ሽቦ ግን አንዴ ብታጥፉት አይበጠስም፤ ወዲያና ወዲህ ስትመላልሱት ይበጠሳል። የማሽን ዘንግም እንዲሁ ነው። መታጠፉ በዓይን ባይታይም ድግግሞሹ እጅግ ብዙ ነው። በእኛ ትምህርት ይህ የብረት ድካም ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክስሎች ሳይታሰብ እየተሰበሩ ሰው ይጨርሱ ነበር። ኦገስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ አክስሎችን ጭነት አሸክሞ እያሽከረከረ ዓመታት ፈጅቶ ሞከራቸው። አንዴ በቀላሉ የሚችሉት ጭነት ሲደጋገም እንደሚሰብራቸውም አሳየ።

ይህን ክፍል ውስጥ ስማር ትዝ ያለኝ የአጎቴ ወፍጮ ቤት ነው። የአራት ልጆች ትምህርት የሚወጣው ከዚያ ነው። የወፍጮው ዘንግ ተሰበረ፤ ተበየደ፤ ሳምንት ሳይሞላው ደገመ። «ብረቱ ቀጭን ነው» ተባለና በብዙ ወጪ ወፍራም ዘንግ ተሠራ። እሱም ከወር በታች ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። አጎቴ ወፍጮውን ሊሸጡት ተነሡ።

ለእረፍት ስሄድ ስባሪውን አየሁት። የተሰበረው ፊት ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወገን ለስላሳ ሆኖ፣ ውሃ ሲሸሽ ዳር ላይ እንደሚተወው ዓይነት ቅስት መስመሮች አሉት። ሌላው ሻካራ ነው። ለስላሳው ስንጥቁ ቀን በቀን የተጓዘበት ነው፤ ሻካራው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተገነጠለው። ስንጥቁ የተነሣው ደግሞ ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት ጥግ ነው። ዘንጉ ወፍራም ቢሆንም ኩሽኔታው ያው የድሮው ስለሆነ፣ ጫፉ በቶርኖ ተልጎ ወደ ቀድሞው ቅጥነት ተመልሷል። ወፍራሙ ከቀጭኑ የሚገናኝበት ጥግ እንደ ቢላ የሾለ ነበር። ኃይል የሚጠራቀመው እንዲህ ያለ ጥግ ላይ ነው። ማወፈሩ ደረጃውን አሳድጎ ነገሩን አባባሰው እንጂ አልጠቀመም።

«ብረት እንደ ሰው ይደክማል ልትይኝ ነው?» አሉኝ አጎቴ።

«አዎ ጋሼ። ሰው ግን ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል፤ ብረት አንዴ ከተሰነጠቀ ቢያሳርፉትም አይድንም» አልኳቸው። ከዚያ አብረን አሰላን። ወፍጮው በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት 36,000፣ በስምንት ሰዓት 288,000 ይሆናል። ቺንጋው ወደ አንድ ወገን ስለሚስበው ዘንጉ በዞረ ቁጥር አንዴ ይለጠጣል፣ አንዴ ይጨመቃል። በአራት ቀን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ማለት ነው። አጎቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

የቶርኖ ባለሙያው አዲሱን ዘንግ ሲሠራ ኩሽኔታው እስከፈቀደ ድረስ ጥጉን ክብ አደረገው፤ የመላጊያው ጭረት እስኪጠፋም አለሰለሰው። ከመጠን በላይ ተወጥሮ የነበረው ቺንጋም ላላ ተደረገ። ለዚህ የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የአንድ ቀን ገቢ አይሞላም። ዘንጉ ከፋሲካ ወዲህ እየሠራ ነው፤ አጎቴም ስለ መሸጥ አያነሡም።

እናንተም ቤት ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ ካለ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከተሰበረ «ለምን እዚህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ማሽኑን አጥፉ፤ ሲበጠስ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። አዲስ ስታሠሩም ስለ ውፍረቱ ብቻ አትከራከሩ፤ ጥጉ ክብ እንዲሆን ንገሩ። የተሰበረውንም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ገልብጣችሁ እዩት።