ናፍቆት ብቻውን አያስተምርም

በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዘን ስንቀመጥ አንድ የማንጠግበው ወሬ አለን፤ የከሚሴ ልጅነታችን። አንዱ «ያኔ እኮ…» ብሎ ከጀመረ ደወል እስኪደወል ማቆሚያ የለውም። እጩ መምህራንም ከበው ይሰሙናል። በከሚሴና በዙሪያዋ አድገን ዛሬ እዚህ የምናስተምር ጥቂት መምህራን ግን ሰሞኑን ራሳችንን ጠየቅን። ለመሆኑ የምንናፍቀው ምኑን ነው? የምናወራውስ ሙሉውን ነው?

እርግጥ ነው፣ የሚናፈቅ ነገር ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ዳር አውቶቡስ ሲቆም፣ ተሳፋሪው የማን ወገን እንደሆነ ሳንጠይቅ ውኃ ይዘን እንሮጥ ነበር። ቦርከና ወንዝ ሲዋኝ የተገኘን ልጅ የማንም እናት ጆሮውን ቆንጥጣ ወደ ቤቱ ትሰደዋለች፤ «ልጄን ለምን ነካሽ?» የሚል የለም። በረመዳን የክርስቲያኑ ልጅ በጾመኛ ጓደኛው ፊት ቆሎ አይቆረጥምም። ድግስ ሲኖር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ጨዋታውና ምርቃቱ ግን አንድ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ ከቀብር የሚቀር ጎረቤት አይገኝም። በባቲ የሰኞ ገበያም አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ፤ የሌላውን ቋንቋ ለመደራደር ያህል እንኳ የማያውቅ ነጋዴ ብዙም አይቀናውም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ግማሹ ነው።

ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል የገባ አንድ የጨፋ ልጅ ነበር። ጊዜው ከ1984 ዓ.ም. በፊት ነውና የምንማረው በአማርኛ ነው፤ ልጁ ግን ከኦሮምኛ በቀር አያውቅም። አንድ ቀን ውኃ ጠምቶት «ቢሻን» ቢል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እቤታችን ኦሮምኛ የሚነገር ልጆችም አብረን ሳቅን። መምህሩ ደግሞ «ውኃ በል!» ብለው አስነሥተው አቆሙት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ውኃ ጠይቆ አያውቅም። ዓመቱ ሳያልቅም ወደ ከብቶቹ ተመለሰ።

የሚገርመው፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች የተካሄደ ነበር። አባት በራሱ ቋንቋ ፊደል እንዲቆጥር ሲታሰብለት፣ ልጅ በመደበኛው ትምህርት ቤት ይህን አላገኘም። ያ ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር ሻይ ቢጠጣ «ያኔ እኮ…» ብሎ ምን ያወራ ይሆን?

ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለስ አንልም። አሁን በዞኑ ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ይህ ያ ልጅ ያላገኘው መብት ነው። ይሁን እንጂ «ተዋልደናል፣ ተጋብተናል» የሚለው ኩራትም ብቻውን እንደማይጠብቀን በ2013 ዓ.ም. አይተናል። በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ታዲያ ያ ሁሉ መዋደድ ውሸት ነበር ማለት ነው? አይደለም። መዋደድ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ በየጊዜው ካልለቀለቁት ይሰነጠቃል። ቅሬው፣ ደቦው፣ የገበያው ቋንቋ ሥራ ነበሩ እንጂ ከደም ጋር የወረስናቸው አልነበሩም። እናቶቻችን በየቀኑ ሠሩት፤ እኛ አወራነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ይህ የሽማግሌና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ መምህር ምን አገባው?» ይሉናል። እኛ ግን መምህር በደንብ ያገባዋል እንላለን። ልጆች በየቋንቋቸው መማራቸው ተገቢ ነው፤ ሳይተዋወቁ ካደጉ ግን ጥፋቱ የቋንቋው ሳይሆን የእኛ ነው። የኳስ ሜዳው፣ የችግኝ መትከያው፣ ክበቡ አንድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ በጀት አይጠብቅም፤ መምህሩ ከፈለገ ይሆናል።

ስለሆነም እጩ መምህራን ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ አማርኛ ተናጋሪው ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ከዚህ ግቢ ሳይወጣ ይማር፤ የዶርም ጓደኛ ከማንም በላይ አስተማሪ ነው። ሁለተኛ፣ የተመደባችሁበት ቦታ ስትደርሱ ቅሬ ግቡ፤ ቀብር ያልወጣ መምህር ለቀበሌው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የድሮውን መልካምነት ስታወሩ የተሳቀበትንም ልጅ አትርሱት።

ነገ ከክፍላችሁ አንድ ልጅ «ቢሻን» ቢላችሁ አታስቁበት። መጀመሪያ ውኃውን ቀድታችሁ ስጡት። «ውኃ» የሚለውን ቃል ጥሙን ከቆረጠ በኋላ ይማረዋል።