ግራጫው ካቢኔት ከምጣዱ በኋላ ይምጣ

በአሁኑ ጊዜ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች በሚያቀርቧቸው የቤት ውስጥ ንድፎች ላይ አንድ ቀለም በርትቶ ይታያል። እሱም ግራጫ ነው። ካቢኔቱ ግራጫ እንጨት፣ መሳቢያው ግራጫ፣ መደርደሪያውም ግራጫ። መቼም እናቶቻችን ወጥ ቤታቸውን ግራጫ ለማድረግ ባለሙያ አላስፈለጋቸውም፤ ጢሱና አመዱ በነፃ ሲቀባላቸው ኖሯል። ቀልዱን እንተወውና፣ እኔ በበኩሌ ግራጫን አልጠላም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ካቢኔት የሚገባበት ወጥ ቤት የማን ነው? ምንስ ይበስልበታል? እዚሁ ፒያሳችን ላይ ላለች ጠባብ ወጥ ቤት ንድፍ ስናወጣ ከቀለሙ በፊት ምጣዱ መምጣት አለበት ባይ ነኝ።

ጠባቧ ወጥ ቤት ከየት መጣች?

እንደሚታወቀው የጎንደር ፒያሳ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ የአማራ ግዛት ብለው ለሰየሙት አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጓት፤ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮም ፕላን አወጣላት። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፈው እስኪወጡ ድረስ ሲኒማ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሱቆቹና መኖሪያዎቹ ተገነቡ። እነዚያ መኖሪያዎች ሲነደፉ ግን እንጀራ የሚጋግር ሰው አልታሰበም። በኋላም በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ በየከተማው አንዱ ቤት ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ እየተከፈለ ተከራየ። ወጥ ቤቱ ወይ በግቢው ውስጥ የጋራ ሆነ፣ ወይ በረንዳ ተከልሎ ተሠራ።

ታዲያ ጥበት ብቻውን ሰበብ ሊሆነን አይገባም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 (እ.ኤ.አ.) የነደፈችው የፍራንክፈርት ወጥ ቤት ወርዱ 1.90 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.40 ሜትር ገደማ ነበር። ሴትየዋ መጀመሪያ ያጠናችው ሥራውን ነው። አብሳይዋ ስንት እርምጃ ትሄዳለች፣ እጇ የት ይደርሳል፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል የሚለውን ለክታ ተነሳች። በፍራንክፈርት 10,000 ያህል ቤቶች በዚህ ንድፍ ተሠርተዋል። ቀለሙን እንኳ ሰማያዊ ያደረገችው ዝንብ ሰማያዊ ነገር ላይ አያርፍም ስለተባለ ነው። እኛ ግራጫ ስንመርጥ ምክንያታችን ምንድን ነው? «ሥዕሉ ላይ ያምራል» ከሆነ ይሄ ምክንያት አይባልም።

ምጣዱ ምን ይፈልጋል?

ክፍል ውስጥ የተማርነው የወጥ ቤት ሦስት ማዕዘን ሲንኩን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን የሚያገናኝ ነው። በእኛ ቤት ግን ሌላም ሦስት ማዕዘን አለ፤ ቡሃቃው፣ ምጣዱና እንጀራው ወጥቶ የሚበርድበት ሰፌድ። ለምሳሌ 2 ሜትር በ2.50 የሆነች፣ 5 ካሬ ሜትር ወጥ ቤት እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የተለመደውን ባንኮኒ ጥልቀት እንዳለ ይወስደዋል ማለት ነው። ባንኮኒው 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ደግሞ ምጣዱ ከላዩ ሲቀመጥ የጋጋሪዋ ክንድ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል። ስለዚህ የምጣዱ ቦታ ከሌላው ባንኮኒ ዝቅ ማለት አለበት። መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ከበላዩ ካቢኔት አይሰቀል።

የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። 3.5 ኪሎዋት የሆነው በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ስለዚህ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይገባዋል እንጂ ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ማከፋፈያ መንጠልጠል የለበትም። ይህ ሁሉ ካቢኔቱ ከመታዘዙ በፊት ካልተወሰነ በኋላ ግድግዳ መብሳት ይመጣል።

እንጨቱስ?

ግራጫ እንጨት እያልን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ችፑድ ነው። ችፑድ ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ስለሆነ ፊቱ ቢሸፈንም በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ውሃ ይጠጣል። አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም አይመለስም።

አንዲት የቅርብ ዘመዴ ፒያሳ በምትኖርበት ቤት እንዲህ ያለ ካቢኔት አሠርታ ነበር። ገንዘቡ በዕቁብ የተጠራቀመ ነው። የላይኛው ሣጥን ልክ ከምጣዱ በላይ ተሰቀለ። ክረምቱ ሳይወጣ የሥሩ ጠርዝ እንደ ዳቦ ነፋ፣ ማጠፊያው ከቦታው ተነቀለ። ሠሪውን ስትጠይቀው «ውሃ አስነክታችሁት ነው» አላት። እንዴ! ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ ካልነካው የት ሊነካው ኖሯል? አሁን የምትጋግረው እንደ ድሮው ግቢ ወጥታ ነው። ካቢኔቱ ቀረ፣ ዕቁቡም ቀረ፣ ጢሱም አልቀረላት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለሲንኩ ሥርና ለምጣዱ አካባቢ እርጥበት የሚችል ኮምፔንሳቶ ወይም ደህና የደረቀ ጣውላ መጠቀም፤ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ እንዲሸፈን ማዘዝ፤ እኛ ወለል በውሃ የምናጥብ ሰዎች ስለሆንን ካቢኔቱን በእግር ላይ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ማንሳት፤ ከምጣዱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ።

ገጽታውም ይታሰብበት። የእንጨት መስመር የተቀረጸበት ሻካራ ግራጫ በሥዕል ያምራል፤ የቁሌቱ ዘይት፣ በርበሬውና እርዱ ግን በየመስመሩ ገብቶ ይቀራል። ለስላሳው ይሻላል። ብርሃንም ይለካ። በጎንደር ፀሐይ ዓመቱን አብዛኛውን በደቡብ በኩል ስለምትውል፣ መስኮቷ ወደ ሰሜን ለሆነ ጠባብ ክፍል ጠቆር ያለ ግራጫ ጨለማ መጨመር ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ወደ ቡናማ የሚያደላ ፈካ ያለ ግራጫ ከታች፣ ነጭ ደግሞ ከላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ግራጫ እንጨት ከውጭ የመጣ ፋሽን ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበትን የጽድ አጥር ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ፀሐይ የእንጨቱን ቡናማ አካል ታፈርሰዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ብርማ ግራጫው ጭረት ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ የእኛም ነው።

«ዛሬ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ ምጣድ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ጓደኛ አላጣሁም። ለነጠላ ሠራተኛና ለተማሪ እውነት ሊሆን ይችላል። አምስት ስድስት ሰው ለሚመገብበት ቤት ግን መግዛቱ በየቀኑ ወጪ ነው፤ ለበዓልና ለዝክር ደግሞ መጋገሩ አይቀርም። ቢገዛም እንኳ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ወጡ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ያው እንፋሎት ነው።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ሲሰጠን ምጣዱ፣ ቡሃቃውና ሰፌዱ በልካቸው ያልተሳሉበት የወጥ ቤት ፕላን ተቀባይነት ባያገኝስ? እኛም ተማሪዎቹ ካቢኔት ከመሳላችን በፊት ፒያሳ ወርደን አንድ ቀን ሙሉ የምትጋግር እናትን ሥራ እንይ፣ ሜትራችንን ዘርግተን እንለካ። ግራጫው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።