ሳይሞቱ የተቀበሩ ታብሌቶች

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ ብዙ ተጽፏል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ተቆልፎበት የሚገኝ በመሆኑ ብዙዎቻችሁ አላያችሁት ይሆናል። ይኸውም አልነሣ ያለው ታብሌት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ከከተማ ወጣ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ነገሩ የእሱ ብቻ አይመስለኝም። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ 14 ታብሌቶች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ከነካርቶናቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከተረከባቸው ሁለት ዓመት አልፏል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ብዬ የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ጠየቅኋቸው።

«እነሱማ ሞተዋል። አንዱም አይነሣ።»

«ሦስቱን ብቻ ልሞክራቸው?»

«ብታበላሽ ከደመወዝህ ነው የሚቆረጠው።»

«ደመወዝ የለኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጭራሽ እንዳትነካ!»

እሳቸውን መውቀሴ አይደለም። ሰውየው የፈረሙት ለ14 ዕቃ ነው። በቆጠራ ጊዜ 14ቱ ከተገኙ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ቢሠሩም ባይሠሩም ቁጥሩ ያው ነው። አንዱ በተማሪ እጅ ላይ ቢሰበር ግን ወዮላቸው! በዚህ አሠራር መሠረት እንግዲህ የተቆለፈ ታብሌት ከሚሠራ ታብሌት ይመረጣል ማለት ነው። እኔ ትልቁ ብልሽት ይሄ ነው ባይ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ትንሽ ነው።

በመጨረሻ ርእሰ መምህርቷ ራሳቸው ፈርመው ሦስቱን ሰጡኝ። የመጀመሪያውን በስልኬ ቻርጀር ሰካሁት። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ምንም። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ያኔ ብነቅለው ኖሮ እኔም «ሞቷል» ብዬ እመልሰው ነበር። ደግነቱ የክፍለ ጊዜዬ ደወል ተደወለና እዚያው ትቼው ሄድኩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስመለስ መስታወቱ ላይ የባትሪ ሥዕል ወጥቷል! ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ማብሪያውን ብጫነው ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታብሌት ባትሪ ሊቲየም አየን የሚባለው ዓይነት ነው። ሲሞላ በአንድ ሴል 4.2 ቮልት ገደማ ይኖረዋል፤ ወደ 3 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ታብሌቱ ይጠፋል። ታብሌቱ ጠፋ ማለት ግን ባትሪው መውረዱን አቆመ ማለት አይደለም፤ ቁጭ ብሎም በጣም በዝግታ ይቀንሳል። ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ከልክ በላይ ይወርዳል። ቻርጀር ሲሰካለት ታዲያ ባትሪው እንዳይጎዳ መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰጠው። ብዙ ቀን ሳይበላ የቆየ ሰው አጥሚት እንጂ ጥሬ ሥጋ አይቀርብለትም፤ እንደዚያ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ መስታወቱ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። የስልክ ቻርጀር ሲሆን ደግሞ መዘግየቱ ሊብስ ይችላል፤ አንዳንዱ 1 አምፒር ብቻ ሲሰጥ ታብሌት 2 አምፒር ያህል ይፈልጋል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ጎን የተሰካማ የሚያገኘው ግማሽ አምፒር ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰክቶ ሳይጠብቅ «ሞተ» የሚል ሰው ሐኪም ሳይሆን ቀባሪ ነው። በርግጥ ከነጭራሹ የማይመለስ ባትሪም አለ፤ እሱን ግን ከተጠበቀ በኋላ ነው ማወቅ የሚቻለው።

የሁለተኛው ችግር ያስቃል፤ ገመዱ ነበር። ሌላ ገመድ ተውሼ ስሰካው ወዲያው ባይሆንም ሠራ። የቻርጀር መግቢያው ቀዳዳም በአቧራ ታፍኖ ስለነበር በደረቅ ስቴኪኒ ቀስ ብዬ ጠረግሁት። መርፌና ሚስማር እንዳትሞክሩ! ባትሪው ሞልቶም የማይነሣ ካለ ደግሞ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ማብሪያውን እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ሳይለቁ መጫን ነው፤ በአንዳንዱ ሥሪት ከድምፅ መቀነሻው ጋር አንድ ላይ። መስታወቱ ጨልሞ ሲሰካ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ታብሌቱ በሕይወት አለ፤ የታመመው መስታወቱ ነው።

ሦስተኛው ላይ ግን ጥፋት ሠራሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ይህኛው ከካርቶን የወጣ አልነበረም። አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ሲሠሩበት ቆይተው «አልነሣ አለኝ» ብለው የመለሱት ነው። ሲበራ የፋብሪካው ምልክት ይመጣና እዚያው ይቆማል። ማብሪያውንና የድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ ብጫን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር መጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን መረጥሁ። ማንን ጠየቅሁ? ማንንም!

ታብሌቱ ተነሣ። ግን ቀድሞ የተከፈተበትን የጉግል አካውንት ካላገባህ አልሠራም አለ። ለካስ አንድሮይድ ላይ ይህ የሌባ መከላከያ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይዤ ወደ መምህርቷ ሄድኩ። አካውንቱን የከፈተው ባልደረባቸው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። ቀጥለው «ልጆቼ ሲያነቡ የቀዳሁትስ?» አሉኝ። ከመስከረም ጀምሮ 41 ልጆች በየወሩ ሲያነቡ በድምፅ ቀድተዋቸው ኖሯል፤ ማን እንደተሻሻለ፣ ማን ፊደል ላይ እንደቀረ የሚለዩበት። ያ ሁሉ የለም። መምህርቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ዝርዝር ላይ ምንም ሳይደመስስ እንደገና የሚያስነሣ ትእዛዝ ነበረ። በአንዳንዱ ላይ ጊዜያዊውን ማከማቻ ብቻ የሚያጸዳም አለ። እነሱን አስቀድሜ መሞከር ነበረብኝ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለቤቷን መጠየቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2004 ዓ.ም. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንዳለ አስቀምጦላቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቷል። ይህን የሰማ ሁሉ «አየህ፣ መምህር አያስፈልግም!» ይላል። እኔ ግን ከዚያው ወሬ ሌላ ነገር ነው ያየሁት። የመንደሩ አዋቂዎች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ተምረው ነበር፤ በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ልጁ ማብሪያውን ሲጫን ባትሪው ባዶ ቢሆን ኖሮስ? በኛ ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ የሚመጣ ባለሙያ የለም። ያለነው እኛው ነን።

ታዲያ እኛ ለዚህ ተዘጋጅተናል ወይ? የኮምፒዩተር ትምህርታችንን ከሞጁል አጥንተን «የታብሌት ክፍሎችን ዘርዝር» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ውጤት አምጥተናል። የማሠልጠኛችን ታብሌቶች ግን እነሱም ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። አንዳንድ አሠልጣኞቻችን «ጥገና የባለሙያ ሥራ ነው» ይሉናል። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ ሆዱን እንክፈት አላልኩም። ባትሪው አብጦ ጀርባውን የገፋውን ታብሌት ቻርጅ ማድረግም መጫንም አደጋ አለው፤ እሱ በቀጥታ ለባለሙያ ይሂድ። ገመድ መለወጥ፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ ቁልፍ መጫን ግን ምን ባለሙያ ይጠይቃል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቁም ሣጥኑ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አሠልጣኝ ባለበት ይከፈትልን። በአገልግሎት ላይ እያለ የተበላሸ ዕቃ በሠልጣኝ ላይ ዕዳ እንዳይሆን በጽሑፍ ይታወቅ። የእያንዳንዱ ታብሌት አካውንትና የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ ቢሮ ይቀመጥ፤ ሰው ሲዛወር አብሮ እንዳይዛወር። የማይሠራባቸውም ቢሆኑ ባዶአቸውን አይቀመጡ። አፕል ለራሱ ዕቃዎች የሚመክረው ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ በየ6 ወሩ ግማሽ ያህል እንዲሞሉ ነው። ይህ ደግሞ በዓመት የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ልምምዴ ሲያልቅ ቀሪዎቹን 11 ሳልሞክራቸው ተመለስኩ። በሚቀጥለው ዙር ወደዚያ ትምህርት ቤት የምትመደቡ ካላችሁ መኝታ ቤት መጥታችሁ ፈልጉኝ፤ የሚሠራ ገመድ አውሳችኋለሁ። የሁለተኛ ክፍሏን መምህርት ካገኛችኋቸው ደግሞ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህር